ጀርባዬ ላይ የተቀመጠው ውሃ ልክ

አባቴ ውሃ መጠጣት ያቆመው በእኔ ምክንያት ነው።

ሰበታ የተከራየናት ክፍል በሁለት አልጋ፣ በአንድ ቁም ሳጥንና በአንድ ዊልቸር ሞልታለች። አባቴ አናጺ ነበር። ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ ከተጎዳ ወዲህ ሰው ካላነሳው አይነሳም። እናቴ ጎህ ሲቀድ ወደ ፋብሪካ ትሄዳለች። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ትምህርቴ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አባቴ የእኔ ኃላፊነት ነው። ከዝቅተኛው አልጋ አንስቼ ዊልቸሩ ላይ አስቀምጠውና ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ቤት እገፋዋለሁ። እዚያ ራሱ እያዘዘ ያሠራው የእንጨት መቀመጫና መደገፊያ ስላለ ብቻውን ይችላል። ፖፖ የሚባል ነገር አይነሳበት። "በልጄ ፊት?" ይላል።

አንድ ቀን ሳነሳው ወገቤን ያዘኝና ሁለታችንም አልጋው ላይ ወደቅን። አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ግን መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንዳላነሳው ብሎ፣ እናቴ እስክትመለስ ብርጭቆ አይነካም። "አልጠማኝም" ይላል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሩ ክፍት ነው፤ ከአስፋልቱ "አየር ጤና! አየር ጤና!" የሚለው የታክሲ ጥሪ ይሰማናል። ሁለታችንም የምንንቀሳቀስበት ቦታ የለም።

ሆዴ ቢጠነክር ወገቤ ያርፋል ብዬ፣ ስልክ ላይ እንዳየሁት በአልጋዎቹ መሃል ተንጋልዬ በየቀኑ እየታጠፍኩ መነሳት ጀመርኩ። ጭንቅላቴ አልጋ ሥር ይገባል፣ እግሬ ቁም ሳጥኑን ይመታል። ወገቤ ባሰበት።

አባቴን ለክትትል በወሰድነው ቀን ይህንን ለፊዚዮቴራፒስቷ ነገርኳት። ጎበዝ እንድትለኝ ጠብቄ ነበር።

"አባትሽን የምታነሺው ተኝተሽ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ አሳየችኝ፦ ጀሪካን ደረት ላይ አቅፎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፤ ጀሪካኑን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ሳያዘነብሉ መራመድ፤ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን መዘርጋት። "ሆድሽ ከእግርሽና ከጀርባሽ ጋር አብሮ መሥራት ይልመድ። ትንፋሽሽን አትያዢ። ካመመሽ አቁሚ።"

በማግስቱ ተንበርክኬ እጄን ስዘረጋ፣ አዴ የምንላቸው አከራያችን በሩ ላይ ቆሙ።

"አካም ቡልቴ! እንዴት አደራችሁ! እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ ስግደት የጀመራችሁት መቼ ነው?"

"ስፖርት ነው፣ አዴ።"

"በአንድ እጅ የሚሰገድ ስፖርት!" እየሳቁ ሄዱ።

አባቴ አልሳቀም። "ቀኝሽ ወርዷል" አለ።

"ቀጥ ብያለሁ እኮ፣ አባዬ።"

"ውሃ ልኬን አምጪው።"

የሥራ ዕቃ ሳጥኑ፣ አባቴ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ከፍቼ ሰጠሁትና ተመልሼ ተንበረከክሁ። ክፍሏ ጠባብ ናትና ካልጋው ሳይነሳ እጁ ወገቤ ላይ ደረሰ። እንጨት ቀጥ ማለቱን ውሃ ውስጥ ባለች አረፋ የሚለካበት ብረት ቀዘቀዘኝ።

"አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። ቀኝሽን ከፍ... እንዲያ! ያዢው። ተንፍሺ እንጂ፣ ግድግዳ ነሽ?"

ለሳምንታት በየጠዋቱ ጀርባዬን እንደ በር መቃን ለካው። አረፋዋ መሃል ላይ መቆየት ተማረች። ብርጭቆው ግን እንደተደፋ ነበር።

አንድ ጠዋት ጀሪካኑን አቅፌ ስነሳ ሲያየኝ ቆይቶ "አስቀምጪው" አለ። "እኔን አንሺኝ።"

እግሬን ከፈት አድርጌ ቁጢጥ አልኩ። ደረቴ ላይ አስጠጋሁት። ትንፋሼን እያወጣሁ በእግሬ ተነሳሁ፤ ሆዴ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ጠበቀ። ወገቤ ዝም አለ። አባቴ ቆመ። የልቡ ምት ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ዊልቸሩ ላይ ሳስቀምጠው ምስጋና ጠበቅሁ፤ ልማዴ ነው።

"ያንን ብርጭቆ" አለ።

ፈራ ተባ እያልኩ ግማሽ ቀዳሁለት።

"ጨምሪበት እንጂ!"

ጨመርኩበት። ጠጥቶ ባዶውን መልሶ ዘረጋልኝ። ሁለተኛውን እንደጨረሰ ወደ ጓሮ እንድገፋው ነገረኝ፤ ከዚያም እንደገና። ያን ቀን ትምህርቴ ላይ አርፍጄ ደረስኩ።