ከበሩ ላይ ብቻ የሚረዝም አዳራሽ

ሰው ቶሎ አላምንም፤ ካርቱም ተቀጥሬ የሰው ቤት ማደር ስጀምር ደግሞ ባሰብኝ። ሊያገባኝ የነበረውን ሰው ያወቅሁት በዓርብ ቤታችን ነው። እንደኔ አሠሪ ዘንድ የሚያድሩ የወሎ ሴቶች አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተን ነበር። ሻንጣችን እዚያ ይቀመጣል፤ ዓርብ ስናርፍ ተሰብስበን ፀጉር እንሠራራለን፣ መዳሞቻችንን እናማለን። ለትዳር የሚመጣ ወንድ የሚታየውም እዚያው ነው። አባቶቻችን አገር ቤት ስለሆኑ፣ የቤቱ ታላቅ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ሰውየውን ያገላብጡታል፤ ከወደዱት ሽማግሌ ይልካል።

እትዬ እሱን ወደዱት። የደሴ ልጅ ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን፣ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ወደ ሊቢያ ለመሻገር መጥቶ፣ እኔን ካየ ወዲህ ግን ሐሳቡን እንደተወ ነገራቸው። “ወላሂ ትቼዋለሁ፤ ይዣት አገሬ እገባለሁ” አለ። የኔም ነገር ይህችው ናት። ካገባሁ አገሬ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ መኖር ነው የምፈልገው። የአክስቴን ልጅ ከሊቢያ ሲሻገር ባሕር በልቶብናል፤ የዚያን መንገድ ስም ሲያነሱብኝ እንኳ ተነሥቼ እወጣለሁ።

ታዲያ ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ጡብ ተሸክሞ ውሎ፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ እንደገና ብሎኬት ይደረድራል። ጌም ነው፤ በአራት ማዕዘን ድንጋይ ቤት በሉት ተራራ የፈለጉትን ይሠሩበታል። አንድ ዓርብ የሠራውን አዳራሽ አሳየን። ከበሩ ላይ ሲያዩት ማለቂያ የለውም፤ ግራና ቀኝ ዓምድ፣ መጨረሻው ላይ ኩራዝ የምታክል መብራት። ሴቶቹ “ማሻአላህ!” አሉ።

“እስቲ ግቢበት” ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ጌሙ ውስጥ በጣቴ እየተራመድሁ ገና ከመግባቴ አናቴ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። ለካ ወደ ውስጥ በሄደ ቁጥር ወለሉን ከፍ፣ ጣሪያውን ዝቅ፣ ግድግዳውን ጠበብ እያደረገ ነው የሠራው። የፊተኛው ዓምድ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የኋለኛው ቀጭን የአጥር እንጨት። አዳራሽ የተባለው ከኛ ክፍል አይበልጥም።

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅሁም።

“ዋናው የምታይበት ቦታ ነው” አለኝ ኮራ ብሎ። “ከበሩ ላይ ካልተንቀሳቀስሽ ረጅም ነው።”

እንዴ! ሰው የት ቢቆም እንደሚሸወድ እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ወንድ፣ እኔንስ የት አቁሞኝ ይሆን?

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። መሐል ከተማ ገበያው፣ ሱቅ ዐረቢ፣ እንገናኝ ሲለኝ ቀድሜ ሄጄ፣ ከሚኒባሶቹ ጀርባ ተደብቄ ከማን ጋር እንደሚመጣ አያለሁ። ብቻውን ነው የሚመጣው፣ ሙዝ ገዝቶልኝ። ይሄም አናደደኝ። እትዬን ኦምዱርማን ድረስ ልኬ አሰለልሁት። ተመልሰው ጫማቸውን እያራገፉ፣ “ጡቡን ተሸክሞ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አንቺ ልጅ አበዛሽው! እንዲህ እየጠረጠርሽ ቆመሽ ልትቀሪ ነው” ብለው ተቆጡኝ። ለሚቀጥለው ዓርብ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆረጠ።

ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሊመጡ፣ ጠዋት እሱና እኔ ሱቅ ዐረቢ ሻይ ሻጯ ጋ ተቀመጥን። “ቤታችንን ሠራሁት” አለና ስልኩን አቀበለኝ። ፎቅ ነው፤ በረንዳ አለው፣ ደጁ ላይ ዛፍ አለው። “ከዚህ ሆነሽ እይው” ብሎኝ ብስኩት ሊገዛ ተነሣ። እኔ ምኔ ሞኝ ነው! ዞሬ ከጀርባው ገባሁ። ቤት የሚባል ነገር የለም። የፊት ግድግዳ ብቻ ነው የቆመው፤ ከኋላው አንዲት ክፍል እንኳ አልሠራም።

ያው ዓመሉ ነው ብዬ ልመለስ ስል ከግድግዳው ጀርባ የሚነሣ መንገድ አየሁ። ተከተልሁት። አሁን ይጠባል፣ አሁን ያልቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠበበም። አሸዋውን እያቋረጠ ሄደ፣ ሄደ፣ በየቦታው የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። ባሕር ላይ አደረሰኝ። ዳርቻው ላይ ጀልባ ቆማለች።

ብስኩቱን ይዞ ሲመለስ ስልኩን አዞርሁለት። ፊቱ ተለዋወጠ።

“ሁለት ሰው ትይዛለች” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ልነግርሽ ነበር። ከኒካሁ በኋላ።”

“ቤቱስ?”

“እንደ ደረስን… ኢንሻአላህ፣ እዚያ ሠርተን…”

“ሞኝህን ፈልግ!” አልሁት። ስልኩን ጭኑ ላይ ወርውሬ የመጣልኝ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ቤት ስደርስ እትዬ ለሽማግሌዎቹ ምንጣፍ እያነጠፉ ነበር። “አይሆንም በሏቸው፤ ሊቢያን አልተወም፣ ይዞኝ ሊሻገር ነው” አልሁና ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ። ምንጣፉን እንደያዙ ቆመው አዩኝ።

“ድሮም ስትጠረጥሪው አልነበር እንዴ? ታዲያ አሁን ምን ያስለቅስሻል?”

“የጠረጠርሁትማ ተሳስተሻል እንድትሉኝ ነበር፣ እትዬ” አልኋቸው።