የቤቱ ሰው ሁሉ ይቅረብ

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመረጥኩት ፋርማሲ ነበር፤ የደረሰኝ ሶሻል ወርክ። ላሊበላ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱት አባቴ ነገሩን ሲሰሙ "ምን የሚሉት ትምህርት ነው?" አሉኝ። ሰው የሚረዳበት ትምህርት ነው አልኳቸው። "ሰው ለመርዳትም አራት ዓመት ይማሯል?" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያንኑ ራሴን ስጠይቅ ነበር የከረምኩት።

ትምህርቱን አልጠላሁትም። የጠላሁት መቀመጡን ነው። ባለጉዳይ ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ አለማቋረጥ፣ ለምክር አለመቸኮል። ይህን ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ እየሆንን እንለማመዳለን፤ ጓደኛዬ ባለጉዳይ መስላ መከራዋን ገና ስትጀምር እኔ እግሬን እየነቀነቅሁ መፍትሔውን ነግሬያት እጨርሳለሁ። አስተማሪያችን "አንቺ ልጅ፣ ገና ስሟን እንኳ አልነገረችሽም እኮ" ሲሉኝ ክፍሉ ይስቃል። እናቴም "የዚች ልጅ እግር አያርፍም" ስትል ነው ያደግሁት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለመስክ ልምምድ አገሬ ተመለስኩና አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመደብኩ። አንዲት ረጋ ያለች ባለሙያ ተቆጣጣሪዬ ሆነች። መጀመሪያ ላይ ወንበር ከማሞቅ በቀር ሥራ አልነበረኝም፤ በመሰላቸት ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ከዚያ ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መልእክት መጣ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከመስከረም ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ ቤቷ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ነው። ተቆጣጣሪዬ "ሂጂ፣ ጠይቂ፣ አትፍረጂ" አለችኝ። ወረቀቴን እንኳ በቅጡ ሳላጥፍ ወጣሁ።

ባጃጁ እስከሚችለው አድርሶኝ ቀሪውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። የልጅቱ እናት በር ላይ ስታየኝ ፊቷ በራ። "የአባታችን ልጅ አይደለሽም እንዴ? ግቢ፣ ግቢ እንጂ" አለች። ለካ አባቴ የዚያ ቤት የንስሐ አባት ናቸው። የተማርኩት ሁሉ ያኔውኑ ገደል ገባ። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈልኝ፣ ጠላ ተቀዳልኝ፣ የእናቴ ጤና ተጠየቀ። በቄስ ልጅ ፊት ደግሞ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ልጅቱ የት እንዳለች ስጠይቅ "ፍላቂት፣ አክስቷ ዘንድ ናት" አለችና ያልጎደለውን ጠላዬን ልትሞላ ተነሣች። ታጭታለች ያለችኝ ታላቅ እኅቷ ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ አንዴም ቀና አላለችም።

ልወጣ ስነሣ ከትልቁ የእህል ጎታ ሥር ተጭረው የተጣሉ ክብሪቶች አየሁ። ምድጃው ያለው በሌላው ጥግ ነው። ነገሩ ከነከነኝ እንጂ አልገባኝም።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት። ትንሿንም ከታላቋ ጋር ሊድሯት ይሆን? ወይስ ለሰው ቤት ሥራ ልከዋት? አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ግቢያችን ውስጥ ስዞር እናቴ "ኧረ አንድ ቦታ አረፍ በይ፣ አዞርሽኝ" አለችኝ።

አባቴ ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ጠየቅኋቸው። "አባዬ፣ የእነዚያ ሰዎች ትንሿ ልጅ የት ናት?"

"ለምን ጠየቅሽ?"

"ሥራዬ ነው።"

"የኔም ሥራ አለመናገር ነው" አሉኝ።

አላውቅም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ደሜ ፈላ። "እኛም የባለጉዳይ ሚስጥር እንጠብቃለን። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን እንናገራለን፤ እንደዚያ ነው የተማርነው።"

"እኛ ዘንድ እንደዚያ የሚል የለም። ዝም አይነቅዝም ልጄ።"

"ልጅቱስ? እሷም አትነቅዝም?"

ለአባቴ እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በዐይኗ ቆነጠጠችኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ዳዊታቸውን ዘረጉና አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆዩ፤ ቃል በቃል የሚያውቁት መጽሐፍ ነው፣ እንዲያ የሚያቆያቸው አልነበረም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ "ጸበል ልረጭ ልሄድ ነው፣ ጀሪካኑን ያዥልኝ" አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም፤ መንገዱን ስንይዝ ገባኝ። ዳገቱ ላይ እየቀደምኳቸው ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲደርሱብኝ ደግሞ እቀድማቸዋለሁ። ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ብጠይቅ እንደማይመልሱልኝ ስለማውቅ ጀሪካኑን ካንዱ እጄ ወዳንዱ እያዛወርኩ ዳገቱን ቀጠልኩ።

ቤቱ ስንደርስ ሁሉም መስቀል ተሳለሙ። አባቴ ጸሎታቸውን አድርሰው "የቤቱ ሰው ሁሉ ይቅረብ" አሉ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጸበል ሲረጭ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነው። አባት፣ እናት፣ ታላቅ እኅት አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

"ሁላችንም አለን አባታችን" አለች እናትየው።

አባቴ እጃቸውን ወደ ውኃው አልዘረጉም። መስቀሉን ደረታቸው ላይ እንደያዙ "እንጠብቃለን" አሉ።

ማንም "ማንን?" ብሎ አልጠየቀም። ባልየው ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እናትየው ነጠላዋን አጣፋች፣ እንደገና አጣፋች። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እዚያ ቆሜ ትዕግሥት ተማርኩ ብል ውሸት ይሆናል፤ ጀሪካኑን ጥዬ ጎታውን ገፍትሬ ማየት ነበር ያማረኝ።

ከጎታው ጀርባ "እኔም አለሁ" የሚል ድምፅ መጣ።

ልጅቱ ግድግዳውን በአንድ እጇ እየዳሰሰች ወጣች። ሌላው እጇ እስከ ክርኑ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዐይኗን ብርሃኑ ወጋት። እናትየው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ሸፈነች።

የሚጥል በሽታ ነው፤ እናትየው ሁሉንም ነገረችን። መስከረም ላይ ሲጥላት ምድጃው ላይ ወደቀች። በጣላት ቁጥር ክብሪት ጭረው ያሸትቷት ነበር። አማቾቹ ደግሞ ከሠርጉ በፊት ዘር ያጠናሉ፤ ከቤቱ እንዲህ ያለ በሽታ እንዳለ ከሰሙ የታላቋ እጮኝነት ይፈርሳል። "ሠርጉ እስኪያልፍ ብዬ ነው እንጂ ልጄን ጠልቼ አይደለም" እያለች አለቀሰች። ከቤት ስወጣ ለዚች ሴት ያዘጋጀሁት ቁጣ ነበረኝ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አሳዘነችኝ፣ ቆይቶ ቁጣው ተመለሰ፣ ሁለቱም ሆዴ ውስጥ ቀሩ።

አባቴ ጸበሉን ከልጅቱ ጀምረው ረጩ። ሲጨርሱ እናትየውን "ጸበሉንም ኪኒኑንም። ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው" አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲህ ሥራሽን ሥሪ።"

ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባቴ ኋላ ኋላ ሄድኩ። "ከዛሬ በፊትስ ለምን አልጠበቁም?" አልኳቸው።

"ምን እንደተነገረኝ ዛሬም አልነግርሽም" አሉ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። "ስመጣ ሁላችንም አለን ይሉኛል። እኔም ወደ ጎታው አብዝቼ እረጭና እወጣ ነበር። ትናንት ግቢው ውስጥ ስትንቆራጠጪ እያየሁ፣ እኔ ምነው እንዲህ አልሆንኩ አልኩ።" ድምፃቸው ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም። ዳገት በሌለበት ክንዳቸውን ያዝኩ።

ከተቆጣጣሪዬ ጋር ልጅቱንና እናቷን ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ቁስሉም ታጠበ፣ መድኃኒቱም ተጀመረ። ልምምዴ አልቆ ወደ ትምህርቴ ስመለስ የግምገማ ወረቀቴ ላይ "ትዕግሥት ይጎድላታል" የሚል ነበረበት። እውነት ነው።

አንድ ቀን የዶርም ደረጃ ላይ ስወጣና ስወርድ አባቴ ደወሉ። ከዚያ ቤት ጸበል ረጭተው መመለሳቸው ነው።

"ሠርጉስ?" አልኳቸው፣ እንዴት ዋሉ እንኳ ሳልል።

"ሽማግሎቹ አማቾቹ ዘንድ እንደገና ሄደዋል። ቁርጡ ገና አልታወቀም።"

"ልጅቱስ?"

"በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት" አሉኝ። "የቤቱ ሰው ሁሉ ይቅረብ ሳልል ከፊት ቆማ ነበር።"