ሳይቀልጥ የተቀዳ

ላፍቶ ከሚገኝ ብረት ማቅለጫ የገባሁ ዕለት፣ ዋና አቅላጩ ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ እርሳስ አቀለጡ። ወዲያው ውሃ ሆነ። እሱን አውጥተው የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ ጨመሩ። ለመቅለጥ ሲደርስ የሙቀት መለኪያው ቀጥ አለ። እሳቱ ይንቀለቀላል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ የለም።

«ተበላሸ እንዴ ጋሽዬ?» አልኳቸው።

«አልተበላሸም። አሁን የሚገባው እሳት ማሞቂያ ሳይሆን ማቅለጫ ነው። አሉሚኒየም ከብረት ቀድሞ ይቀልጣል ብለህ አትናቀው፤ እዚህች ላይ ሲደርስ ኪሎ በኪሎ ከብረት የበለጠ እሳት ይጠጣል። ሁሉም ቀልጦ ቁጥሩ እንደገና ካልወጣ እንዳትቀዳ።»

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የማቅለጡ ሥራ ለእኔ ቀረ። አዲስ የምርት ኃላፊም መጣብን። «ለአሉሚኒየም ምን ይሄ ሁሉ ነዳጅ? ለስላሳ አይደል እንዴ!» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን መካኒሳ አካባቢ ያለ እድር ትልልቅ ድስቶች አዘዘ። የሚጭነው መኪና በር ላይ ቆሟል፣ አሉሚኒየሙ ገና እንደ ገንፎ ነው። ኃላፊው መጥቶ እሳቱን በገዛ እጁ ዘጋው።

«ቅዳ!»

«ገና ነው። እንዲህ ከተቀዳ ጆሮው ከድስቱ ጋር አይዋሃድም።»

«አንተ ካልቀዳህ የሚቀዳ ሞልቷል።»

አልቀዳሁም። ሌሎቹን አዘዘ፣ ቀዱ። ድስቶቹ ተወልውለው ሲያብረቀርቁ ምንም ነውር አይታይባቸውም። «እነዚህ አይጫኑ» ብልም ተጫኑ።

ከሳምንታት በኋላ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የእድሩ አባል የተገነጠለ የድስት ጆሮ በፌስታል ይዘው መጡ። ለቀስተኛ የሚበላውን ከምድጃ ሲያወርዱ ጆሮው ተገንጥሎ፣ የፈላው ወጥ በእህታቸው እግር ላይ ተደፍቷል።

ኃላፊው ሳያፍር፣ «የአያያዝ ችግር ነው እናቴ፤ ከመጠን በላይ ሞልታችሁት ይሆናል» አላቸው።

ደሜ ፈላ። ጆሮውን ተቀብዬ የተገነጠለበትን አሳየኋቸው። ግማሹ ጭራሽ አልተጋጠመም።

«ጥፋቱ የእናንተ አይደለም እማማ። ሳይቀልጥ የተቀዳ ነው። ቅዱ ያለውም እሱ ነው።»

ዞረው አዩት። «እህቴ ቆማ መሄድ አቅቷታል፤ አንተ አያያዝ ትለኛለህ?»

ጆሮውን ከእጄ ተቀብለው ወደ ድርጅቱ ባለቤት ቢሮ ገቡ።

ባለቤቱ ያን ቀን የተቀዱትን ድስቶች በሙሉ አስመለሰ። እኔን ደግሞ «ደንበኛ ፊት አዋረድከን» ብሎ አሰናበተኝ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ቀረ! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ጀሞ ሌላ ማቅለጫ ቤት ነው የምሠራው። አዲስ ለሚገቡት የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ያልቀለጠ አይቀዳም፣ ያዘዘው ማንም ይሁን።