ከጥልቁ ባሕር የወጣችው

የነገሌው ትምህርት ቤት ዘበኛ ደወሉን አንዲት ደቂቃ አዛንፈው አያውቁም። በካፖርታቸው ኪስ፣ በጥጥ የተጠቀለለች፣ ጥፍር የምታህል የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለች። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር አጥኚዎች መርከብ መረብ ሲስቡ ከጥልቁ ሁለት አገኙ፤ አንዷን አስረከቡ፣ አንዷን አስቀሩ።

ዛሬ የባዮሎጂ መምህርቷ ረሆቦት ስልኳን ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ያስረከቧት ቀንድ አውጣ አዲስ ዝርያ ነች ተብላ ስም ወጣላት!»

«በማን ስም?»

«በመርከቡ ባለቤት ሚስት።»

«ባሕሩን አይታዋለች?» በምርኩዛቸው መሬቱን ወጉት። «ቦረና ጥጃን እንኳ በእናቷ ዘር ነው የሚሰይመው፤ እናቷን ያየ እረኛ ይጠየቃል! እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«እርስዎስ ማን ይሏት ነበር?»

«አርባ ዓመት እሷን የምጠራበት ስም አላት። አሁንማ አልነግራቸውም!»

መምቻውን ብረት አንስተው ደወሉን ቀጠቀጡት፤ ተማሪው ግር ብሎ ወጣ። ለእረፍት ገና ሩብ ሰዓት ይቀር ነበር።