እማዬ የደፋችው ወርቅ

«ያን ቀን እኮ አይቼዋለሁ፤ ወርቅ ነበር» አለች እማዬ ትናንት፣ ምስር እያንገዋለለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል! ወጥ ቤቱን እየዘለልኩ ዞርኩት። ሲደክመኝ ቁጭ አልኩና ያንን ከሳህኗ የሚወጣ ሿ… ሿ… የሚል ድምፅ ሰማሁት፤ አሥር ዓመቴ ወደነበረበት ሰመር ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ሬንተን ከተማ ባለው ቤታችን ቅዳሜ የሚነጋው በዚያ ድምፅ ነበር። እማዬ ምስሩን በውሃ ታንገዋልልና፣ ከላይ የሚመጣውን ወደ ሌላ ሳህን ትገለብጥና፣ ከሥር የቀረውን ጠጠር ሳታየው ወርወር አድርጋ ትደፋው ነበር።

«አስቱ፣ የዚህ አገር ምስር እኮ በማሽን ተለቅሞ ነው የሚመጣው» ይላት ነበር አባዬ።

«ጥርስህ ሲሸረፍ ማሽኑን ኮል ታደርገዋለህ።»

ዝናቡ አላባራ ባለበት ወራት አስተማሪያችን የድሮ ሰዎች ከእኛ ከተማ አጠገብ ካለው ወደብ መርከብ እየተሳፈሩ ወደ ሰሜን ወርቅ ፍለጋ ይሄዱ እንደነበር፣ የቆረቆሯት ዶውሰን የምትባል ከተማም ዛሬ ድረስ እንዳለች ነገረችን። ከዚያ ወዲያ እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። ወርቁ አልቋል? ቤቶቹስ? አሁን ማን ይኖርባቸዋል? የቼሪው ዛፍ ሲያብብ አባዬ «እንሂድ» ለሚለው ልመናዬ ተረታልኝ፤ እማዬ ግን ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ለጠጠር አራት ቀን መንዳት? ኦኬ፣ እሄዳለሁ። ወርቅ ካላገኘን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ትገቢያለሽ፤ ያለ ንጭንጭ።»

«ካገኘንስ?» አልኳት፣ ያኔ እንደ ልማዴ በእንግሊዝኛ።

«ሁለተኛ አላነሳብሽም።»

ቅዳሜ የዋና ቀኔ ነበር፤ ሶ፣ ውርርዱ ቀላል አልነበረም።

ሰመር ሲገባ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ጭነን ወጣን። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ዛፉ እያጠረ፣ ቀኑ እየረዘመ ሄደ፤ ለመኝታ መጋረጃ ስንዘጋ ውጭው ገና ብርሃን ነበር። «ይቺ ፀሐይ ቤት የላትም እንዴ?» ትል ነበር እማዬ። ዶውሰን ስንደርስ መንገዱ አፈር፣ የእግረኛው መሄጃ ሳንቃ ሆኖ አገኘነው። ሁለት አሮጌ የእንጨት ቤቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ተንጋደው ነበር። ለምን እንደሆነ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ዋልኩ፤ ለካ ከሥር ያለው መሬት በረዶ ነው፣ በቀለጠ ቁጥር ቤቱን ያዘነብለዋል።

በማግስቱ ወንዝ ዳር አንዲት ፈረንጅ አሮጊት አሸዋና ውሃ በመጥበሻ መሰል ሳህን እያዞሩ ወርቅ ማጠብ አሳዩን። እኔ ሳዞር አሸዋውም ውሃውም አንድ ላይ ሄደ። አባዬም ጫማውን ከማርጠብ በቀር ያገኘው የለም። ልንሄድ ስንል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስትታዘበን የቆየችው እማዬ ተነሣች።

«አምጪው እስቲ! አያያዙን አላወቃችሁበትም።»

ሿ… ሿ… አሮጊቷ ወሬያቸውን አቁመው የእማዬን እጅ ማየት ጀመሩ። አሸዋው በየዙሩ ተጠርጎ ወጣና ከሥር ቁንጥር ጥቁር አሸዋ ቀረ፤ መሀሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ብልጭ አለች። አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ሳይወጣ ግን የእማዬ እጅ የለመደውን አደረገ፤ ወርወር! ወደ ወንዙ።

አሮጊቷ ራሳቸውን ያዙ።

«እማዬ! ወርቁን!»

«የቱን ወርቅ? ጠጠር ነው የደፋሁት።»

አባዬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። «ወይኔ አስቱ! ወርቁን ደፍተሽ አሸዋውን ልትቀቅዪልን ኖሯል?»

«እኔ ያላየሁት ወርቅ አይቆጠርም» አለች፤ ውርርዱም በዚያው አለቀ። እስከ መኪናው ድረስ አለቀስኩ። ቅጠሉ ሲረግፍ፣ የዋና ጓደኞቼ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ፣ እኔ አማርኛ በሚያስተምሩበት በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አኩርፌ ሀ ሁ ሂ እል ነበር።

ትናንት «ታዲያ ለምን ካድሽኝ?» ስላት «ውርርዱን ልረታልሽ ኖሯል?» አለችኝ። ያኔ ስወቅሳት በእንግሊዝኛ ነበር፣ እሷም ግማሹን እንዳልሰማች ሆና ታልፈኝ ነበር። ትናንት ግን በአማርኛ፣ ከውርርዱ እስከ ወንዙ አንድ በአንድ ተሟገትኳት። ሙግቴን ስጨርስ ሳህኑን አስቀምጣ «በይ እሺ፣ ተረታሁ» አለች።

በዚህ ሰመር እንመለሳለን፤ የምታጥበው እማዬ ናት፣ እኔ ሁለተኛ ሳህን ይዤ ከእጇ ሥር እቆማለሁ። እናንተም ኑ፣ ወንዙ ለሁላችንም ይበቃል። ማንገዋለል የምታውቅ እናት ያለቻችሁ ይዛችኋት ኑ፤ እጇን የሚይዝ ሰው ግን አትርሱ።