ለቅሶ የማይደረስበት ትምህርት ቤት

ወንድማገኝ ባንተይርጋ ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ ከሚሴ ሲገባ፣ አልጋውና ሶፋው ገና ከአይሱዙው ሳይወርዱ ስለ ከተማዋ ትምህርት ቤቶች አስተያየት ነበረው። በቅርቡ አንዳቸውንም አላየም። ከሃያ ዓመት በላይ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ግን አስተያየት ለመስጠት ማየት አያስፈልገውም። ደረጃቸውን ያልጠበቁ ናቸው፤ አበቃ።

ከሚሴ የተወለደባት ከተማ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ወጥቶ ቀረ፤ ወላጆቹ አረፉ፣ ወንድሞቹ በየአገሩ ተበተኑ። መሥሪያ ቤቱ ለከሚሴ ቅርንጫፍ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተቆጣጣሪ ሲፈልግ ማንም ያልተሻማውን ቦታ እሱ ጠይቆ ወሰደ። ለባልደረቦቹ ኑሮ ስለተወደደብኝ ነው አላቸው። ባለቤቱ እየሩሳሌም የሞተችበትን ቤት በየማታው ከፍቶ መግባት ስላቃተው መሆኑን አልነገራቸውም። እነሱም አልጠየቁትም። አዲስ አበባን ከሚወድባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው አለመጠየቋ ነበር።

ልጁ ቤተልሄም ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው። ከቤተሰቡ የቀሩት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ልጅቱ ከሚሴ ከአባቷ ጋር ሆና ትማራለች፣ ወይስ ኮምቦልቻ የእናቷ እህት አመልማል ቤት ትላካለች? ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሩቅ አይደለችም። መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ግን ከአሜሪካ ትርቃለች። ቤተልሄም መሄድ አልፈለገችም። ብትጠየቅ ኖሮ ትናገር ነበር።

ወንድማገኝ የራሱ የምርመራ ዘዴ ነበረው፤ ሳይታወቅ መግባት። ትምህርት ቤት ወላጅ መምጣቱን ካወቀ ግድግዳውን ይቀባል፣ መምህራኑን ያስቃል፤ ሳያውቅ ከደረስክበት ግን እውነተኛ መልኩን ታያለህ ብሎ ለልጁ አስረዳት። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ዘዴ የአራት ትምህርት ቤቶችን ገመና አጋልጫለሁ ይላል። ጥቁር መነጽሩን አደረገና ስሙን «ኢንተርናሽናል» በሚል ቃል ወደሚጨርሰው የግል ትምህርት ቤት በባጃጅ ሄደ።

በሩ ላይ ሙሀመድኑር የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል። «አካም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቁት። የአዲስ አበባ እንግዳ መስሎ ሊገባ የመጣው ሰው አፉ ሳያስፈቅደው በዚያው ቋንቋ «ነጋ» ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ቀና አሉ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«እንግዳ ነኝ አባባ። ለጓደኛዬ ልጅ ትምህርት ቤት እያየሁ ነው።»

«እሱስ ይሁን። የማን ልጅ ነህ?»

እንግዳነቱን በሌላ መንገድ ሊያስረዳ ሞከረ። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርስ ያንኑ ጥያቄ ደገሙለት። የልብስ ሰፊው የባንተይርጋ ልጅ መሆኑን ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

«ባንተይርጋ! የሰርጌን ሱሪ የሰፋልኝ እሱ አይደል እንዴ። አንዱን እግር አሳጥሮት ሙሽራ ሆኜ ሳነክስ ዋልኩ። አላህ ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር።»

ከዚያ እንደ አገሩ ደንብ ጤናውን፣ ሥራውን፣ ልጆቹን ጠየቁት። ሁሉም ደህና ነበር። «ባለቤትህስ?» አሉ። ደህና ናት ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ለስንቱ ብሏል። እዚህ ግን ከፊቱ ያሉት ሰው መልሱን እየጠበቁ ነው።

«አልፋለች» አለ።

«መቼ?»

«አምና ጥቅምት ላይ።»

«አምና? እኛ የት ሄደን?»

ሙሀመድኑር ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። በወሎ ለቀብር ያልደረሰ ሰው የሟችን ቤተሰብ መጀመሪያ ባገኘበት ቦታ ለቅሶውን ይደርሳል፤ ዓመት ቢያልፍም፣ መንገድ ላይ ቢሆንም፣ ቤተ ሙከራ ለመሰለል የመጣ ሰው ቢሆንም። የክረምት ትምህርት የሚያስተምሩት መምህራን ወጡ። ገንዘብ ያዧ ወጣች። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ራሱ ወጥቶ ወንበር አስመጣ። ሙስሊሙ አላህ ሰብሩን ይስጥህ፣ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ያጽናህ እያለ ተራ በተራ ጨበጠው። ወንድማገኝ የኬሚስትሪ ክፍሉን ማየት ይቻል እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቀ። አንዲት መምህርት ከንፈሯን መጥጣ፣ ሐዘን ሰውን ምን ያስቀባጥረዋል ብላ ለጎረቤቷ ሹክ አለች። መመርመር ያሰበውን ሳያይ፣ ሙሀመድኑር ያስያዙትን እሸት በቆሎ ታቅፎ ወጣ።

ወሬው ከባጃጁ ቀድሞ ከተማ ገባ። ሁለተኛውን የግል ትምህርት ቤት ሊሰልል ሲሄድ በሩ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ጠበቁት። በዚያው ማታ የሰፈሩ ቅሬ ሽማግሎች መጡ። ቅሬ ሲሞት የሚቀብር፣ ሲያዝኑ አብሮ የሚቀመጥ የሰፈር ማኅበር ነው፤ ሲቀየምም እንደ ፍርድ ቤት ይቀየማል። መርዶ ያልተነገረን ምን ጠላት ሆነንህ ነው አሉት። ወንድማገኝ ዘመድ ስላልቀረኝ ነው አለ። ይህ መልስ ነገሩን አባሰው።

እንግዶቹ ሲወጡ ለቤተልሄም ተማረረ። እዚህ አገር ሰው አልቅሶ ካልጨረሰ ስለ ፊዚክስ መምህር እንኳን መጠየቅ አይችልም አለ። ቤተልሄም የበቆሎውን ቅርፊት ትልጥ ነበር።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ሄደ። እዚያ ያለው የግል ትምህርት ቤት ዘበኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ መታወቂያ ተቀበለው። ጸሐፊዋ በፈገግታ፣ በእንግሊዝኛ፣ የማን ልጅ መሆኑን ሳትጠይቅ አስጎበኘችው። የቤተ ሙከራው ብልቃጦች ያበራሉ፤ የማስተማሪያው አጽምም ከነጥርሱ ሙሉ ነው። ወንድማገኝ ከአጽሙ ፊት ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰ። በዚህ ሁሉ ግቢ ስለ እየሩሳሌም የሚጠይቀው የለም። ይህ ነው ደረጃ ማለት።

ከሚሴ ተመልሶ ለልጁ መወሰኑን ነገራት። አክስትሽ ክፍል አዘጋጅታለች አላት። ቤተልሄም አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ከቤታቸው በእግር የሚደረስበትን የመንግሥቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብሯት እንዲያየው። ወንድማገኝ ደስ እያለው እሺ አለ። ያ ትምህርት ቤት ራሱን በራሱ እንደሚያጋልጥ እርግጠኛ ነበር።

አላሳፈረውም። ግቢው ውስጥ የሰው ላሞች ይግጣሉ። መስኮቶቹ በግማሽ ካርቶን ናቸው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለው ሰው ሰርግ ተጠርቶ ባቲ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው ሙሽራው ነው ተባለ። ወንድማገኝ እያንዳንዱን ጉድለት እንዳገኘ በዓይኑ ለልጁ ያሳያታል። የዕለቱ ደስታው ይኸው ነበር።

ርዕሰ መምህርቷ ሰዒዳ አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ናት። ወሬው ስለደረሳት አስቀድማ ለአባትየው ለቅሶውን ደረሰች፤ ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድም ሳትሸፍን መለሰች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ውጤት ሲጠይቃት፣

«ያለፉት አውቶቡስ አይሞሉም» አለችው። «ባጃጅ ግን ይሞላሉ። አንዱ ሾፌሩ ጎን ይቀመጣል።»

«የኬሚስትሪ መምህርስ?»

«አንድ አለን። የአራት ሰው ያህል ይደክማል።»

ወንድማገኝ ሊነሳ ሲል ሰዒዳ ወደ ቤተልሄም ዞረች። ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«አብሽሪ ልጄ። እናትሽን ማን ብለሽ ነበር የምትጠሪያት?»

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ለቀስተኛው ሁሉ የጨበጠው አባቷን ነው፤ እሷን ሐዘኑ እንዳይጎዳት ብለው ጎረቤት ቤት ፊልም ከፍተው አስቀምጠዋት ነበር። ከዚያም በኋላ እንዳትረበሽ ተብሎ ማንም ምንም አላነሳባትም።

«እየሩ» አለች ቤተልሄም። «እማዬ ስላት አረጀሁ እያለች ትስቅ ነበር።»

ሰዒዳ ምን ትወድ እንደነበር ጠየቀቻት። ልጅቱ መለሰች። መለሰችና ሳትጠየቅ ቀጠለች፤ እናቷ ሬዲዮ ላይ ጥያቄና መልስ ስትሰማ ከሬዲዮው ጋር እንደምትጣላ፣ ሆስፒታል ተኝታ እንኳን በነርሷ ጫማ እንደቀናች፣ ቤት ከተመለሰች በኋላ የመጨረሻው ሳምንት ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበር። ወንድማገኝ ይህንን የመጨረሻውን አያውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት እሱ የሚሮጠው ለመድኃኒት ነበር፤ የምትሰማት ልጅቱ ነበረች። ተቀምጦ ሰማ። ሰዒዳ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ጠበቀች፤ ከዚያ እንደ ተራ ነገር ውኃ አስመጣችላቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወንድማገኝ ስለ ኮምቦልቻ ብልቃጦች ማውራት ጀመረ።

«አባዬ» አለችው ቤተልሄም፣ «ኮምቦልቻን የመረጥከው ማንም ስለ እየሩ ስለማይጠይቅህ ነው። እኔን ግን ይጠይቁኝ። ደስ ይለኛል።»

 ለትምህርት ቤት ሁሉ መመዘኛ ነበረው፤ ለዚህ አልነበረውም። ትንሽ ሄዱና ዞረው ተመለሱ፤ ሰዒዳም ቢሮዋን ሳትቆልፍ አገኟትና ልጅቱ ተመዘገበች። ምዝገባው ልጅቱን ባጃጁ ላይ ያሳፍራት አያሳፍራት ገና የሚታይ ነው፤ የኬሚስትሪው መምህር ድካም በለቅሶ አይቃለልም። ወንድማገኝ ይህን ያውቅ ነበር፤ አውቆ ፈረመ።

ማታ ለአመልማል ደወለ። ልጅቱ እንደማትመጣ ነገራት። አመልማል ተቀየመች፤ ክፍሉን አስቀብታ መጋረጃ ሰቅላለች። ምክንያቱን ጠየቀችው። ስለ መንገዱ መዘጋት ሊያስረዳ አፉን ከፈተና ተወው።

«ልጅቱ ስለ እናቷ ማውራት ትፈልጋለች» አለ። «እኔም ሳልፈልግ አልቀርም።»

 እህቷን ከቀበረች ወዲህ አመልማል ከእሱ ጋር የምታወራው ስለ ዩኒፎርም ልክና ስለ ምዝገባ ቀን ብቻ ነበር። አሁን ጀመረች፤ እየሩሳሌም በልጅነቷ ቦርከና ወንዝ ውስጥ የአመልማልን ጫማ እንዴት እንደጣለችና ወላጆቻቸውን ላሟ በላችው ብላ እንዳሳመነች። ወንድማገኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። ካርዱ መሃል ላይ ሲያልቅ ቤተልሄም የራሷን ስልክ አቀበለችው፤ አክስቷም ላሟ ላይ የተፈረደውን ፍርድ ገና አልጨረሰችም ነበር።