የኢያን ሦስተኛ ስም

በካራቲና ከተማ ገበያ የሚቆመው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። በእነዚህ ቀናት ሙጉሬ የሹራብ መሥሪያ መኪናዋን እጀታ ወዲያና ወዲህ ስትገፋ አንድ ጆሮዋ ከበሩ አይለይም። ሙዟን ሸጣ የጨረሰች ዋንጉይ ሰባት ሰዓት ገደማ ትመጣለችና።

«ባሌ የት ሄደ?» ትላለች ገና ከደጅ። «ሚስቱ ከገበያ ስትመጣ ሸክም እንኳ አይቀበላትም?»

አራት ዓመት ያልሞላው የሙጉሬ ልጅ ኢያን የክሩን ክምር ጥሶ ይሮጣል። «ሚስቴ መጣች! ምን አመጣሽልኝ?»

«ሙዝ።»

«ቅዳሜም ሙዝ ነበር!»

«እንግዲያው ሌላ ሚስት አግባ።»

ከዚያ ዋንጉይ መኪናው አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ሙጉሬ ለተማሪ ቤት የሚሄዱትን ሹራቦች እየሠራች ስለ ዝናቡና ማታቱ ስለሚሏቸው ሚኒባሶች ረዳቶች ባለጌነት ትሰማለች። ከሦስቱ የገበያ ቀናት በቀር የሚያንኳኳ ሰው አልነበራትም። ደንበኞቿ እንኳ ሹራቡን ከሱቅ እንጂ ከእሷ እጅ አይወስዱም።

ዋንጉይ የኢያን አባት እናት ናት። በአገሩ ወግ በኩር ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል፤ የዋንጉይ ባል ንደሪቱ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ቢሆንም ኢያን ንደሪቱ ሲወለድ ተመልሶ ቤቷ ገባ። «ባሌ» የምትለው ስትቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱን የምታቋርጥበት ቀን አልነበረም።

የመጨረሻው ስም፣ ጊታሂ፣ የአባትየው ነው። ጊታሂ ልጁ ስድስት ወር ሲሆነው ሞምባሳ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ደወለ፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ በኋላ ቁጥሩ ራሱ ጠፋ። የጥሎሹን ፍየል ወደ ሙጉሬ አባት ወደ ዌሩ ግቢ አንድም ቀን አልነዳም። ፍየል ሳይገባላት የወለደች ሴት ደግሞ በኩሯን የምትጠራው በገዛ አባቷ ስም ነው። ሙጉሬ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። ግን ጊታሂ ለገና ፍየሎቹን አመጣለሁ ብሎ ምሎላት ነበር፤ ዋንጉይም ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሙጉሬም ልጁን ንደሪቱ አለችው።

አባቷ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፍየል ያልገባበት ግቢ፣ ስሙ በየት በኩል ወጣ?» ልጁን አላቀፈውም። ባለፈው ዓመት እስኪሞት ድረስ አላቀፈውም።

ሲቀበር እንደ ወጉ የልጅ ልጆቹ ስም በመቃብሩ አፋፍ ተነበበ። የወንድሞቿ ልጆች ሁሉ የዌሩ ተብለው አለቁና መጨረሻ ላይ «ኢያን ጊታሂ» ሲባል የወንድሟ ሚስት «ይሄ ደግሞ የማነው?» አለች። ቀስ ብላ ያለች መስሏት ነበር። ሙጉሬ የአፈሩን ክምር እያየች ይህን ስም ከልጄ ላይ አወርዳለሁ፣ በአባቴ ስም እንዲጠራ አደርጋለሁ አለች በልቧ።

ስም ስለማስለወጥ ልትጠይቅ ጠበቃ ቤት ስትሄድ ጸሐፊው የአባትየው ፈቃድ ያስፈልጋል አላት። አባትየው የት እንዳለ ካልታወቀ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ በአካባቢው ሹም ፊት ጥሎ መሄዱን ይመስክር። ዘመድ የምትባለው ዋንጉይ ብቻ ነበረች።

ሙጉሬ ሦስት የገበያ ቀን ሳትነግራት አሳለፈች። በአራተኛው ሻዩን ቀድታ ሳትቀመጥ ተናገረች።

ዋንጉይ ኩባያውን ዱካዋ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ «ጊታሂ ለእኔስ መች ደወለልኝ?» አለች። «ሦስት ገና አለፈ። ውሰጂው፣ ስሙን እሱም ጥሎታል። ምን ጎደለብኝ ይላል?» ቀና ብላ አየቻት። «ባሌስ?»

«ንደሪቱማ ይቀራል፣ እማማ። የመጨረሻው ብቻ ነው።»

«ይቀራል?»

«ይቀራል አልኩሽ።»

«እንግዲያው ወረቀቱ ላይ ጣቴን አስቀምጣለሁ።»

በማግስቱ ሙጉሬ ጸሐፊው ዘንድ ሄደች። ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚጽፈው።

«ፍየል ገብቷል?» አላት።

«አልገባም።»

«እና ምን ታካብጃለሽ ልጄ? ነገሩ ግልጽ ነው።» መጻፉን ቀጠለ። ወረቀቱን ሲሰጣት ዓይኗ የአባቷን ስም ብቻ ፈለገ። አገኘችው። ዌሩ ይላል። እንባዋ እንዳይታይባት ቶሎ ፈረመችና ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ከሹሙ ቢሮ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዋንጉይ የቤተ ክርስቲያን ሻሿን አስራለች፤ ኢያን ጭኗ ላይ ነው። ተራቸው ደርሶ ገብተው ሲቀመጡ ሹሙ በሩን ለአየር እንደተከፈተ ተወውና ዋንጉይ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፦

«ኢያን ንደሪቱ ጊታሂ ይባል የነበረው ሕጻን ያንን ስም ለሁልጊዜ ትቶ ከዛሬ ጀምሮ ኢያን ዌሩ ይባላል።»

«ድገመው እስቲ» አለች ዋንጉይ።

ደገመው።

«ባሌ የታለ?»

አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቀ። «እማማ፣ ፖሊስ ጣቢያ እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው!» ሌሎቹም ሳቁ።

ሙጉሬ ወረቀቱን ነጠቀችና አየች። ጸሐፊው ሁለቱንም ስሞች አውጥቷል። ፍየል ካልገባ ንደሪቱ የሚባል ስም ልጁ ላይ ምን ይሠራል ብሎ እንደ ደንቡ አስተካክሎላታል። «እኔ አላልኩም፣ እማማ! ጸሐፊው ነው። አንዱን ብቻ ነው ያልኩት።»

«ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው፤ ግን…»

ዋንጉይ ኢያንን ከጭኗ አወረደችው። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

«ተይው፣ እማማ፣ አታስቀምጪ!»

«አስቀምጣለሁ ብያለሁ። የእኔ ቃል እንኳ ይቁም።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተጭና አነሳች። ወጥታ ቀለሙን ከጣቷ በቅጠል ጠረገችና ሙዟ ወዳለበት ወደ ገበያው ሄደች። በሰባት ሰዓት አልመጣችም።

ሙጉሬ ተመልሳ መጥታ ስትወቅሰው ጸሐፊው ግራ ተጋባ። «ጣት ያረፈበት ወረቀት በእጅሽ ነው፣ ምን ፈለግሽ? በደንቡ ነው እኮ የጻፍኩልሽ። አባትሽ ቢኖሩ ምን ያህል ደስ ይላቸው ነበር!»

እውነቱን ነው። ወረቀቱን ይዛ ቤቷ ገባችና መኪናው ላይ ዘረጋችው። ይህን ብታስገባ ኢያን አባቷን ራሱን ይሆናል፤ መቃብሩ አፋፍ ላይ የተሾካሾከችው ሴትም አፏን ትይዛለች። የሚያስፈልጋት ወረቀቱን ለስም መዝጋቢው ወስዶ መስጠት ብቻ ነው። ኢያን ከጎኗ የተረፈ ክር እየጠቀለለ «ሚስቴ ለምን አልመጣችም?» ይላታል። ቅዳሜ ሆነ፤ ማክሰኞም መጣ። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው። አዲሱን ስታጽፍ ከጸሐፊው ራስ በላይ ቆማ እያንዳንዱን ቃል አነበበች፦ ኢያን ንደሪቱ ዌሩ።

አዲሱም ወረቀት የዋንጉይ ጣት ስለሚያስፈልገው ከኢያን ጋር ቤቷ ድረስ ዳገቱን ወጣች። ዋንጉይ ከሙዙ ተክል መሀል ደረቁን ቅጠል እየቆረጠች ነበር። ሙጉሬ ወረቀቱን ዘርግታ በጣቷ አሳየቻት። «ይኸው፣ እማማ። ንደሪቱ ይኼ ነው።»

ዋንጉይ ማንበብ አትችልም። ቃሉን ግን አተኩራ አየችው። «ጊታሂስ የቱ ጋ ነበር?»

«እዚህ ጋ። ዌሩ የሚለው ያለበት።»

«እ…» አለች። ደረቁን ቅጠል መቁረጧን ቀጠለች። ሐሙስ ማልዳ ሹሙ ቢሮ መጥታ ጣቷን አስቀመጠች። ስትወጣ በሩ ላይ ኢያን የዋንጉይን ቀሚስ ይዞ ቆሟል፤ እሷ ግን ሙጉሬን እያየች «ኢያን ደህና ነው?» አለቻት።

ሙጉሬ ደህና ነው አለች። በስሙ ስትጠራው ሰምታት አታውቅም ነበር።

ለውጡ በመንግሥት ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ሙጉሬ የኢያንን ሹራብ ራሷ ሠርታ ሙሉ ስሙን ከአንገቱ ውስጥ በቀይ ክር ሰፋችበት። ጥሩ ሹራብ ነው። ገበያም እንደወትሮው ይቆማል። ሙዝ ሻጮቹ ዋንጉይ አሁን ሙዟን ለነጋዴ ከጓሮዋ እንደምትሸጥ ነገሯት፤ እግሯን ያማታል አሉ።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሙጉሬ መኪናውን አቆመች። ዋንጉይ ትቀመጥባት ከነበረችው ዱካ ላይ የተከመረውን ክር አንስታ መሬት አስቀመጠችና እንደገና መግፋት ጀመረች። ኢያን በአዲሱ ሹራቡ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል።

«እማ» አለ ሳይዞር፣ «ሚስቴ መንገዱ ጠፍቷት ይሆን?»